የታሪክ ተማሪ በዲጂታል ሂውማኒቲስ ፕሮጀክት ብትሠራ ምን ትጠቀማለች?

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ (በዋናነት የመጀመሪያ ዲግሪ በሚሰጥ ኮሌጅ) ታሪክ የምታጠናው ልጅዎ ለክረምቱ በዲጂታል ሂውማኒቲስ፣ ማለትም ታሪክንና ሥነ ጽሑፍን የመሳሰሉ ትምህርቶችን በኮምፒውተር መሣሪያ በሚያጠናው ዘርፍ፣ በአንድ ፕሮጀክት እንድትሠራ መጋበዟን ጠቅሰው፣ «ኮምፒውተር ሳይንስ ላልተማረች ልጅ ይህ ምን ይጠቅማታል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም ታሪክ አጥንቼ በእንዲህ ያለ ኮሌጅ ሁለት ክረምት ስለሠራሁ፣ ያየሁትን ልንገርዎ።

የመጀመሪያው ክረምት ሥራችን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አንዲት የገበሬ ሚስት የጻፈችውን የኪስ ማስታወሻ ከእጅ ጽሑፉ እየገለበጡ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ቀንና የገንዘብ መጠን ላይ ኮምፒውተር የሚያነበው መለያ (ታግ) ማድረግ ነበር። አንድ ቀን «ወደ ዋረን ሄድን» የሚል መስመር ገጠመን። በ1870 የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ዋረን የሚባል ጎረቤት ስላገኘን የሰው ስም አልነው፤ ከሦስት ገጽ በኋላ ግን ለዚያው ጉዞ የከፈለችውን የባቡር ሒሳብ ጽፋ ስናገኝ፣ ከተማ መሆኑን ተረድተን ወደ ኋላ ተመልሰን አረምነው። መለያው ከሁለት አንዱን እንድንመርጥ ስለሚያስገድደን፣ ክፍል ውስጥ በዓይኔ የማልፈውን ቃል ቆም ብሎ መመርመርን የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። በእንዲህ ያሉ ትናንሽ ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለማይኖር ይህን መሰሉ ውሳኔ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይደርሰዋል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ ነበር።

መለያውን የምናደርግበት ሥርዓት ቲ.ኢ.አይ. (Text Encoding Initiative) ይባላል፤ ጽሑፍን ለኮምፒውተር በመለያ የማዘጋጃ የጋራ ደንብ ነው፤ የተጠነሰሰውም እ.ኤ.አ. በ1987 ቫሳር በተባለው ኮሌጅ በተደረገ ስብሰባ ነው። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው ፕሮጀክትም የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት የሚመዘግበው በዚሁ ሥርዓት ስለሆነ፣ ልጅዎ ወደፊት ግእዝ ለመማር ብታስብ የያዘችው ሙያ አብሯት ይሄዳል።

ሁለተኛው ክረምት ግን እንዲህ አልነበረም። በሌላ ፕሮጀክት ገብቼ ስምንት ሳምንት ሙሉ ፎቶግራፍ ስካን እያደረግሁ ለየፋይሉ ስም ስሰጥ ቆየሁ፤ ድረ ገጹ ሲከፈት የማናችንም የተማሪዎቹ ስም አልነበረበትም። ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩሲኤልኤ (በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) የተዘጋጀው የተማሪ ተባባሪዎች የመብት ሰነድ ግን፣ ስካን ማድረግንና መረጃ ማስገባትን የመሰለ ሥራ ያለ ክፍያ እንዳይሠራ፣ በፕሮጀክቱ ሐሳብ ላይ የመወሰን ድርሻ የሌለው ተማሪም ለሠራበት ጊዜ እንዲከፈለው ይጠይቃል። ልጅዎ ሰነዱን ብታነበው እመክራለሁ።

ስለዚህ ግብዣውን ከመቀበሏ በፊት፣ ከሥራው የትኛውን ክፍል ራሷ እንደምትወስን፣ ስሟ የት እንደሚሰፍርና በሥራ ላይ ሳለች ማን እንደሚያማክራት ፕሮፌሰሩን ትጠይቅ። እኔ ሁለተኛውን ሥራ የተቀበልኩት በቃል ብቻ ስለነበር በኋላ የምጠቅሰው ነገር አልነበረኝም፤ እርሷ መልሱን በኢሜይል ትቀበል።