የአሜሪካ የሠራተኛ ወጪ ኢንዴክስ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

የምሠራው ደመወዝ ክፍል ነው። ዜና ላይ «የሠራተኛ ወጪ ይህን ያህል ጨመረ» ሲባል ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ። ኢንዴክሱ አሠሪዎች ለሠራተኛ የሚያወጡት ወጪ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚለካ ቁጥር ነው። የማወራው ስለ ግል ዘርፉ ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቁጥሩን የሚያወጣው ማነው?

መልስ፦ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ፣ በየሦስት ወሩ። መነሻው ዲሴምበር 2005 ሲሆን ያኔ 100 ተብሎ ተይዟል።

ጥያቄ፦ አማካይ የሰዓት ክፍያ በየወሩ ይወጣ የለም እንዴ? ይሄኛው ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ኤፕሪል 2020ን አስታውስ። በአንድ ወር ከ20 ሚሊዮን በላይ ሥራ ጠፋ፤ በዚያው ወር አማካይ የሰዓት ክፍያ ከ4 በመቶ በላይ ዘለለ። ጭማሪ የሰጠ አሠሪ ስለበዛ አይደለም። ከሥራ የወጡት በብዛት የሆቴል፣ የሬስቶራንትና የሱቅ ሠራተኞች ስለነበሩ፣ ዝቅተኛ ተከፋዮቹ ከስሌቱ ሲወጡ የቀሪዎቹ አማካይ ከፍ አለ። ኢንዴክሱ የሚከታተለው ግን የሥራ መደቡን ነው። ከየድርጅቱ የተወሰኑ መደቦች ይመረጡና ለእነዚያው መደቦች በየሩብ ዓመቱ ስንት እንደሚከፈል ይጠየቃል፤ የየዘርፉና የየሙያው ድርሻም ባለበት ይያዛል። ስለዚህ በዚያ ሩብ ዓመት ያሳየው ጭማሪ 1 በመቶ እንኳ አልሞላም።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንስም ይገባል?

መልስ፦ ይገባል። የጡረታ መዋጮ፣ የዓመት ፈቃድ፣ አሠሪው ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት የጡረታ ፈንድ) የሚከፍለው 6.2 በመቶም ጭምር። ጥቅማ ጥቅም ከጠቅላላ ወጪው 30 በመቶ ገደማ ነው። የትርፍ ሰዓት ተጨማሪ ክፍያም የሚቆጠረው እዚሁ ውስጥ እንጂ ከደመወዝ ጋር አይደለም።

ጥያቄ፦ ዲሲ ኡበር እነዳለሁ። እኔስ አለሁበት?

መልስ፦ የለህበትም ወንድሜ። በግሉ የሚሠራ አይቆጠርም፤ ሰው ቤት ተቀጥረው ልጅ የሚጠብቁ እህቶቻችንም የሉበትም። ፓርኪንግ ተቀጥሮ የሚሠራው ጓደኛህ ይቆጠራል፤ ቲፑ ግን ከአሠሪው ኪስ ስላልወጣ አይገባም። የእኛ ሰው ኑሮ በዚህ ቁጥር በደንብ ይታያል ብዬ አልከራከርም።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ከፍ ካለ ኑሮ ተሻሽሏል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እስከ ጁን 2022 በነበረው አንድ ዓመት የግል ዘርፍ ደመወዝ 5.7 በመቶ አደገ፤ ዋጋ ግን 9.1 በመቶ ንሯል። የደመወዙ የመግዛት አቅም 3.1 በመቶ ወረደ ማለት ነው። ቢሮው ይህንንም አስልቶ ያወጣል፣ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

ጥያቄ፦ ፌዴራል ሪዘርቭስ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ነውና፣ ወለድ ሲወስን ያየዋል። ያኔ የባንኩ ሊቀመንበር የነበሩት ጄሮም ፓወል በ2021 መጨረሻ በዋጋ ንረት ላይ አቋማቸው ለምን እንደጠነከረ ሲያስረዱ ይህንኑ ቁጥር ጠቅሰው ነበር።

ጥያቄ፦ ቁጥሩን ይዤ አለቃዬን ጭማሪ ብጠይቅስ?

መልስ፦ ጠይቂ። ግን የአገሩን ጠቅላላ ትተሽ የሙያሽንና የዘርፍሽን መስመር ፈልጊ፤ ሰንጠረዡ ተከፋፍሎ ነው የሚወጣው። ከዚያም ውስጥ «ደመወዝ» የሚለውን ውሰጂ፤ ኢንሹራንስ ተወዶ የጨመረው ወጪ አንቺ ኪስ አይገባም።