ስለ ጊኒ ቢሳውና ኬፕ ቨርዴ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ስለ አሚልካር ካብራል የጻፍኩትን አጭር ማስታወሻ ያነበባችሁ ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። የቻልኩትን ያህል እዚህ እመልሳለሁ። ማስታወሻውን ላላያችሁ፦ ጉዳዩ የሁለት አገሮች ታሪክ ነው። ጊኒ ቢሳው ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ በባሕር ዳርቻ ያለች አገር ናት፤ ኬፕ ቨርዴ ደግሞ ከዚያው አቅጣጫ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ደሴቶች ናት። ሁለቱም የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበሩ። ሁለቱንም ለነፃነት ያበቃው ካብራልና ጓዶቹ የመሠረቱት አንድ ፓርቲ ነው፤ ፓኢጄሴ ይባላል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካብራል አዲስ አበባ መጥቶ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1972 መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ከኒው ዮርክ ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። ምክር ቤቱ በአፍሪካ ምድር ሲቀመጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ካብራል በዚያ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ተናግሯል። የራሱ መንግሥት ያልነበረው የሽምቅ ተዋጊዎች መሪ በዓለም ትልቁ የጸጥታ ሸንጎ ፊት ቆሞ ሲናገር አስቡት። ምክር ቤቱ ፖርቱጋል የቅኝ ግዛቶቿን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እንድትቀበል የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። በኤፕሪል ደግሞ ከኢኳዶር፣ ከስዊድንና ከቱኒዚያ የተውጣጡ የተባበሩት መንግሥታት መልእክተኞች ተዋጊዎቹ የያዙትን ምድር ራሳቸው ገብተው ጎበኙ። ፖርቱጋል «የለም» ስትለው የኖረችው ነፃ መሬት በዓይን ታየ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ፓርቲ፣ አንድ መሪ፣ አንድ ትግል። ታዲያ ዛሬ ኬፕ ቨርዴ ሰላማዊ፣ ጊኒ ቢሳው ደግሞ የመፈንቅለ መንግሥት አገር የሆነችው ለምንድን ነው?

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ፖርቱጋሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲደርሱ የኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ሰው አልነበረባቸውም። ሰፋሪዎቹና ከአህጉሩ በባርነት ያመጧቸው አፍሪካውያን ተቀላቅለው ክሪዮል የተባለ ድብልቅ ቋንቋ የሚናገር አንድ ሕዝብ ወለዱ። ምድሩ ደረቅ ነው፤ ዝናብ ከቀረ እልቂት ይከተላል። በ1940ዎቹ የደረሱት ረሃቦች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጁ። ካብራል በወጣትነቱ በዚያ መካከል አልፎ ነው ሊዝበን ሄዶ የግብርና ትምህርት ያጠናው፤ ምርጫው በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ጊኒ ቢሳው ውስጥ ግን ባላንታ፣ ፉላ፣ ማንዲንካ፣ ማንጃኮ፣ ፓፔልና ሌሎችም ብዙ ሕዝቦች ይኖራሉ። የፖርቱጋል ሕግ እስከ 1961 ድረስ ሰውን «አገሬው» እና «የሠለጠነ» ብሎ ይከፍል ነበር። ከጊኒ አፍሪካውያን መካከል «የሠለጠነ» የሚለውን ወረቀት ያገኙት ከመቶ አንድ እንኳን አይሞሉም። ኬፕ ቨርዴዎች በዚህ ሕግ አልተያዙም፤ ትምህርት ቤትም በተሻለ ሁኔታ ያገኙ ነበር። ስለዚህ ፖርቱጋል በጊኒ ጸሐፊ፣ ግብር ሰብሳቢና የወረዳ ሹም አድርጋ የምትልከው ብዙ ጊዜ ኬፕ ቨርዴዎችን ነበር። የጊኒ ገበሬ ግብር ሊያስከፍለው ደጁ የሚቆመውን የደሴት ሰው ያስታውሳል። ያ ቂም በፓርቲው ውስጥም አልጠፋም፤ ካብራል ራሱ ባፋታ ጊኒ ውስጥ ቢወለድም ወላጆቹ ከኬፕ ቨርዴ የመጡ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔ የምጠቁመው ጦሩን ነው። ከ1963 እስከ 1974 የተካሄደው ጦርነት በሙሉ የጊኒ ምድር ላይ ነው የተካሄደው፤ በደሴቶቹ ላይ የትጥቅ ትግል አልነበረም። ነፃነት ሲመጣ ጊኒ በድል የገባ፣ አገሪቱን እኔ ነኝ የወለድኳት የሚል ሠራዊት ተረከበች። ኬፕ ቨርዴ ግን እንዲህ ዓይነት ዕዳ የለባትም ነበር። በኖቬምበር 1980 የጦር ሜዳው ጀግና ኒኖ ቪዬራ፣ የካብራልን ወንድም ፕሬዚዳንት ሉዊስ ካብራልን በመፈንቅለ መንግሥት አወረደ። ሁለቱን አገሮች አንድ የማድረጉ ሕልም እዚያ ላይ አበቃ፤ ኬፕ ቨርዴዎች በ1981 የራሳቸውን ፓርቲ ለይተው አቋቋሙ።

ጥያቄ፦ ካብራልን የገደለው ማን ነው?

ጃንዋሪ 20 ቀን 1973 ሌሊት የፓርቲው ጽሕፈት ቤት በነበረባት በኮናክሪ፣ በጎረቤት አገር ጊኒ ዋና ከተማ፣ በቤቱ ደጃፍ የገደሉት የገዛ ፓርቲው ሰዎች ናቸው፤ የመሯቸውም ኢኖሴንሲዮ ካኒ የተባለ የፓርቲው የባሕር ኃይል አባል ነበር። ከጀርባው የፖርቱጋል ምስጢራዊ ፖሊስ እጅ ምን ያህል እንደነበረበት ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ የውስጡ ቂም ባይኖር የውጭው እጅ የሚይዘው አያገኝም ነበር ባይ ነኝ።

እግረ መንገዴን አንዲት ሴት ላስታውሳችሁ። ቲቲና ሲላ የተባለችው ተዋጊ ወደ ካብራል ቀብር ስትጓዝ ጃንዋሪ 30 ቀን ወንዝ ላይ በፖርቱጋል ጦር ተገደለች። ያ ቀን በጊኒ ቢሳው የሴቶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ነፃ መሬት» ሲባል በተግባር ምን ማለት ነበር? ሰው ምን ይበላ፣ ማን ያስተዳድረው ነበር?

ይህን ስለጠየቅህ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ጦርነቱን ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። እያንዳንዱ መንደር አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይመርጣል፤ ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች መሆን አለባቸው። በ1960ዎቹ፣ ያውም በጦርነት መካከል። የፖርቱጋል ነጋዴ ሲሸሽ የጠፋውን ጨርቅ፣ ጨውና ሳሙና ለመተካት ፓርቲው «የሕዝብ መደብሮች» ከፈተ። ገንዘብ አይሠራም ነበር፤ ገበሬው ሩዙን አምጥቶ በዕቃ ይለውጣል።

ሩዙ ራሱ ታሪክ አለው። የባላንታ ገበሬዎች የባሕር ውኃ የሚያጥለቀልቀውን ረግረግ በጭቃ ግድብ ከልለው፣ ጨዉን በዝናብ አጥበው፣ ከዚያ በኋላ ሩዝ ይዘሩበታል። ቦላኛ ይሉታል። ግድቡን በየዓመቱ መጠገን ግድ ነው፤ አንድ ክረምት ከታለፈ ጨዉ ይመለሳል። የፖርቱጋል አውሮፕላኖች መንደር ሲደበድቡ ግድቡም ይፈርስ ነበር፤ ጠጋኙ ወጣትም ወደ ጦር ግንባር ሄዷል። የጊኒ ረሃብ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ሁሉም ነገር ያማረ ነበር ማለቴ አይደለም። አንዳንድ አዛዦች ገበሬውን ማንገላታት ጀምረው ነበር። ካብራል በፌብሩዋሪ 1964 ካሳካ ላይ ጉባኤ ጠርቶ ጥፋተኞቹን አስቀጣ፤ ጦሩንም እንደገና አደራጀ። ከነፃነት በኋላ ግን ፓርቲው ቢሳው ከተማ ገብቶ የቅኝ ገዢውን ቢሮ ወረሰ፤ የመንደር ኮሚቴዎቹም ቀስ በቀስ ተረሱ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ከፖርቱጋል ጋር ወግነው የተዋጉት አፍሪካውያን ወታደሮችስ ምን ሆኑ?

ብዙዎቹ ከነፃነት በኋላ ያለ ፍርድ ተገደሉ። በ1980 ሉዊስ ካብራል ሲወርድ የጅምላ መቃብሮቹ ለሕዝብ ተገለጡ። ካብራልን ስለምወድ ይህን ልሸፍነው አልችልም። እሱ ከሞተ በኋላ ቢሆንም፣ ያደረገው የእሱ ፓርቲ ነው።

ጥያቄ፦ ፖርቱጋል ራሷ ደሃ ሆና ለምን ይህን ያህል ሙጭጭ አለች?

ሊዝበን ጊኒን ከለቀቀች አንጎላና ሞዛምቢክ ይከተላሉ ብላ ፈራች። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ጦርነቱ የሰለቻቸው መኮንኖች፣ ብዙዎቹ ጊኒ ውስጥ ያገለገሉ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1974 የራሳቸውን አምባገነን መንግሥት ገለበጡ። ፓኢጄሴ ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1973 በማዲና ዶ ቦዬ ነፃነቱን አውጆ ነበር፤ ፖርቱጋል በቀጣዩ ዓመት ዕውቅና ሰጠች። ኬፕ ቨርዴ ጁላይ 5 ቀን 1975 ተከተለች።

ጥያቄ፦ የሰንደቅ ዓላማቸው ቀለም ከእኛ ጋር ለምን ተመሳሰለ?

ጋና አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን ከኢትዮጵያ ወሰደች፤ ፓኢጄሴ ደግሞ ከነጥቁር ኮከቡ ከጋና ተቀበለ። ጊኒ ቢሳው እስከ ዛሬ ይዛዋለች። ኬፕ ቨርዴ በ1992 ለወጠችው።

ጥያቄ፦ አሁን እንዴት ናቸው?

ኬፕ ቨርዴ በ1991 የመጀመሪያውን የመድበለ ፓርቲ ምርጫ አካሄደች፤ ገዢው ፓርቲ ተሸንፎ በሰላም ወረደ። የጊኒው ዝርዝር ከባድ ነው፤ ከ1998 እስከ 1999 የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ2003 መፈንቅለ መንግሥት፣ በማርች 2009 የጦር አዛዡና ፕሬዚዳንት ቪዬራ በሰዓታት ልዩነት ተገደሉ፣ በ2012 እንደገና መፈንቅለ መንግሥት። በኖቬምበር 2025 ደግሞ የምርጫ ውጤት በሚጠበቅበት ሰሞን ወታደሩ ሥልጣን ያዘ። ገበሬው በዚህ ሁሉ መካከል ካሹ እየሸጠ ይኖራል።

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፤ ታሪኩ የሚፈጸመው ከፖርቱጋል ነፃ በወጣች፣ እኔ በፈጠርኳት ደሴት ነው። እውነተኛ እንድትመስል ምን ልጨምርባት?

እህቴ፣ መጀመሪያ ደሴትሽ ተዋግታ ነው ወይስ ሳትዋጋ ነፃ የወጣችው የሚለውን ወስኚ፤ ከዚያ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ይወሰናል። ሳትዋጋ ከሆነ ሌላዋን የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት የነበረች የአፍሪካ ደሴት፣ ሳዎ ቶሜን ተመልከቺ። የካካዎ እርሻዎቿ ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከኬፕ ቨርዴ በኮንትራት በመጡ ሠራተኞች ጉልበት ይተዳደሩ ነበር። የአገሬው ተወላጆች በእርሻዎቹ ላይ ለመሥራት እምቢ ይሉ ነበር፤ በግዳጅ ሊያሠሯቸው ነው የሚል ወሬ ሲናፈስም በፌብሩዋሪ 1953 ባቴፓ ላይ የደረሰው እልቂት ተከተለ። ቀጥሎ ቋንቋውን አስቢ፤ ሚኒስትሩ በስብሰባ ላይ ፖርቱጋልኛ ይናገራል፣ ማታ ከእናቱ ጋር ግን ክሪዮል ያወራል። እስር ቤትም ያስፈልግሻል፤ የኬፕ ቨርዴው ታራፋል መጀመሪያ ፖርቱጋላውያን ተቃዋሚዎችን፣ በኋላ የአፍሪካ ታጋዮችን አጉሮበታል።

ታሪኩን ከቤተ መንግሥት አትጀምሪው፤ ከወደብ ጀምሪው። ኦገስት 3 ቀን 1959 ቢሳው ፒጂጊቲ ወደብ ላይ ሠራተኞች ደመወዝ እንዲጨመርላቸው ሥራ አቆሙ። ፖሊስ ተኮሰ፤ በፓርቲው ቆጠራ ሃምሳ ያህል ሰው ሞተ። ካብራልና ጓዶቹ ከተማውን ትተው ገጠሩን ለማደራጀት የወሰኑት ከዚያ በኋላ ነው። በአንቺ ደሴት ወደብ ላይ የሚጫነው ምን እንደሆነ፣ ለቀን ሥራ ስንት እንደሚከፈልና ክፍያውን ማን እንደሚቆጥር ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የቀረውን አብረን እናየዋለን።