የዛገ የፍሬን ቱቦ ቆርጦ መቀጠል ያዋጣል?

የኋላው የፍሬን ቱቦ ዝጎ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ፣ አጠገቡ ያለው የነዳጅ ቱቦም ዝጓል፣ የበሰበሰውን ቆርጬ ብቀጥለው ይበቃኛል ወይ ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ እባክህ አትቀጥለው። እኔ ቀጥዬ አይቼዋለሁ።

ያኔ የቀየርኩት የሚያንጠባጥበውን ቁራጭ ብቻ ነበር። የቀረው ላዩ ቡናማ ቢሆንም ደህና መስሎኝ ተውኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ማስተር ሲሊንደር ሁለት ክፍል ስላለው በቀረው ግማሽ ፍሬንና በእጅ ፍሬን እንደምንም ቆምኩ። ከስር ገብቼ ሳይ የፈነዳው የቀጠልኩት ቦታ አይደለም፤ ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ ቱቦውን ከሻንሲው ጋር ከሚይዘው የፕላስቲክ ማቀፊያ ስር ነው። ማቀፊያውን ሳላቅቀው እርጥብ ጭቃ ወጣ፤ ቱቦውን በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ቅርፊት ተላጠ። ያንተም ቱቦዎች አብረው ያረጁ ናቸው። የማቀፊያዎቹን ስር፣ ከነዳጅ ታንኩ በላይ ያለውንና የኋላ አክስሉ ላይ የሚሄደውን ሳታይ ደህና ነው አትበል።

ለመተኪያ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቱቦ ፈልግ፤ ዝገት አያገኘውም፣ በእጅ ይታጠፋል። ንጹሕ መዳብ ግን ንዝረት ሲደጋገምበት ስለሚሰነጠቅ ለፍሬን አይሆንም። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ የቱቦው የውጭ ስፋት 4.75 ሚሊሜትር ነው፤ ቢሆንም የራስህን ለክተህ ግዛ። የድሮውን ቱቦ ጫፍ እንዳትጥለው። አንዳንዱ አፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ እንደ መለከት አፍ የተከፈተ ነው፣ ሌላው ጉብ ያለ፤ አንዱን በሌላው ቦታ ካስገባህ የቱንም ያህል ብታጠብቀው ያፈሳል። ቱቦውን የሚያስረው ዳዶ ጥርስም እንዲሁ፦ ዳዶው 10 ሚሊሜትር ሆኖ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.0 ወይም 1.25 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በጣት መግባት አለበት፤ እምቢ ካለ አታስገድደው። አፉን ከመክፈትህ በፊት ዳዶውን ቱቦው ላይ አስገባ። ለውኃ ቧንቧ የሚሆን በቀለበት የሚያጠብቅ መቀጠያ ደግሞ ፍሬን ላይ ጨርሶ አይግባ፤ በኃይል ስትረግጥ ውስጡ ያለው ግፊት ከ70 ባር በላይ ይደርሳል።

የድሮው ዳዶ ጉልበት ይፈልጋል። ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ርጭ፣ ቱቦ እንዲያልፍበት አፉ በተከፈተ የፍሬን ቁልፍ ፍታ። የዳዶው ማዕዘኖች ከተላጡ ቱቦውን ከዳዶው ስር ቁረጠውና ባለ 6 ጎን ቡሶላ አስገባበት፤ ብዙ ጊዜ ይሄ ያወጣዋል። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳለ ግን ከስሩ አትግባ።

ነዳጁ የበለጠ ያስፈራኛል። መኪናህ ኢንጄክሽን (ነዳጁን በግፊት የሚረጭ) ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶም ቱቦው ውስጥ ግፊት ይቀራል። የፓምፑን ፊውዝ ነቅለህ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሳው፣ ከዚያ ባትሪውን ፍታ፤ ሥራውን ደጅ ሥራ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር። ለካርቡሬተር የተሠራ ጎማ ቱቦ ይህን ግፊት አይችልም፤ ለኢንጄክሽን የተሠራውን ግዛ፣ እሱንም ለአጭር መገናኛ ብቻ ተጠቀምበት። ረጅሙ መስመር ብረት ይሁን፣ ከጭስ ማውጫው ይራቅ።

ቱቦውን ከቀየርክ በኋላ ከፍሬኑ መስመር አየር ስታስወጣ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከራቀው ጎማ ነው፤ የመኪናህ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተል። የዘይቱ ዕቃ እንዳይጎድል ቶሎ ቶሎ ሙላ። ከፍሬን ዘይት ዓይነቶች ዶት 3ና ዶት 4 ይቀላቀላሉ፤ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ አይገባም። መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ካለውና አየር የኤቢኤሱ ሞጁል ውስጥ ከገባ በኮምፒውተር ካልሆነ የማይወጣበት መኪና አለ። ስትጨርስ ሞተሩን አስነሳና ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ያህል አጥብቀህ ረግጠህ ያዝ፤ ሌላ ሰው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ወረቀት ይጥረግ። ወረቀቱ ከረጠበ መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅ።