ፎርካችን ከዋናው ላይብረሪ በጣም ራቀ፣ ምን ይሻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የቀን መምረጫ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ፎርክ አድርጋችሁ፣ ማለትም ለራሳችሁ ቀድታችሁ፣ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ጨመራችሁበት። ዋናው ፕሮጀክት ደግሞ በራሱ መንገድ ቀጠለ። አሁን ሁለቱን መርጅ ስትሉ (ስታዋህዱ) ኮንፍሊክቱ፣ ማለትም የኮድ ግጭቱ፣ ማለቂያ የለውም። ትተነው እንደ አዲስ እንጀምር ወይ?

አትቸኩሉ። እኔም እንዲህ ያለ ፎርክ ይዤ ነው የምሠራው። መጀመሪያ የማየው የኮንፍሊክቱን ብዛት ሳይሆን የራሳችንን ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) ነው። የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ጊት ሎግ ዋናው ላይ የሌሉትን ብቻ አውጡ። መሀል ላይ አንዱ ፕሪቲየር (የኮድ አጻጻፍ ቅርፅ አስተካካይ) አስኪዶ ፋይሉን በሙሉ የነካካበት ኮሚት አይጠፋም። እሱን ሳታዝኑ ጣሉት። ምንም ሥራ ሳይሠራ ከሁሉ በላይ የሚያጋጨው እሱ ነው። ዋናው ራሱ ያስተካከለው ነገር ካለም የእናንተን ሰርዙ።

የቀረውን ለሁለት ክፈሉት፦ ለዋናው የሚላክና የእናንተው ሆኖ የሚቀር። ለምሳሌ ኮዱ ውስጥ ወር ሁሌ 12 ነው ብሎ የሚዞር ሉፕ አለ እንበል። 12ን በ13 ብቻ ከቀየራችሁት ዋናው አይቀበላችሁም፣ ያ ቦታ በተነካ ቁጥርም ትጋጫላችሁ። የወሩን ብዛት ከካላንደሩ የሚጠይቅ ፈንክሽን አድርጋችሁ ብትልኩ ግን ሌላም ፈላጊ አለው፤ የዕብራውያን ካላንደርም በአንዳንድ ዓመት 13 ወር ነው። ጳጉሜን መቼ 5፣ መቼ 6 ቀን እንደምትሆን የሚያሰላው ኮድ የእናንተው ነው። በራሱ ፋይል ይቀመጥ።

ከዚያ በአዲስ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ላይ ሪቤዝ አድርጉ፣ ማለትም ኮሚቶቻችሁን በዋናው አዲስ ስሪት ላይ እንደገና ደርቡ። በአንድ ዝላይ ወደ መጨረሻው ስሪት አትሂዱ፤ ታግ በታግ (ስሪት በስሪት) ውጡ፣ በየደረጃው ቴስት አስኪዱ። የጊትን «ሪሪሪ» (rerere) አብሩት፣ አንዴ የፈታችሁት ኮንፍሊክት ሲደገም ራሱ ይፈታላችኋል። ስትጨርሱ በጊት «ሬንጅ-ዲፍ» (range-diff) የድሮውንና የአሁኑን ኮሚቶች አስተያዩ። ሳይታወቅ የጠፋ መስመር እዚያ ይያዛል።

ጭራሹን መለየትም አለ። ጉግል ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የምስጠራ ላይብረሪ ላይ የሚደርባቸው ፓቾች (የራሱ ለውጦች) ከ70 በላይ ሲሆኑበት በ2014 እ.ኤ.አ. ቦሪንግኤስኤስኤል የተባለውን ፎርክ ለብቻው አወጣ። ከዚያ በኋላ በዋናው ላይ ሪቤዝ ማድረጉን ትቶ የሚፈልገውን ለውጥ ብቻ ወደ ራሱ ያስገባል። እሱ ግን ባለሙያ መድቦ ነው። እናንተ ጥቂት ኮሚት ብቻ ከቀራችሁ አትለዩ። አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር ሪቤዝ የሚያደርግ አንድ ሰው በስም መድቡ።