አሌክሳንደር ሃሚልተን ለአሜሪካ መንግሥት ምን ትቶለት አለፈ? ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያው የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሚኒስትር ስለነበረው ስለ አሌክሳንደር ሃሚልተን የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እንደ ጆርጅ ዋሽንግተንና ቶማስ ጄፈርሰን ያሉ ፕሬዚዳንቶች እያሉ፣ የአሜሪካን መንግሥት ከቀረጹት ሰዎች መካከል ፕሬዚዳንት እንኳ ያልሆነውን ሃሚልተንን ያስቀደሙበት ምክንያት ምንድን ነው?

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱን በማርቀቅ ብቻ ብንመዝነው ድርሻው ትንሽ ነው። በ1787 በፊላደልፊያ ጉባኤ ላይ ፕሬዚዳንቱም የሴኔት አባላትም በጥፋት እስካልተሻሩ ድረስ ዕድሜ ልካቸውን በሥልጣን እንዲቆዩ ሐሳብ ቢያቀርብም ጉባኤው አልተቀበለውም። ተጽዕኖው የጎላው ሰነዱ ከጸደቀ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ የመንግሥትን አካላት ዘርዝሮ የዕለት ተዕለት አሠራራቸውን በአብዛኛው ክፍት ትቶት ስለነበር፣ ሃሚልተን ከሴፕቴምበር 1789 እስከ ጃንዋሪ 1795 በሚኒስትርነት በቆየበት ጊዜ ያንን ክፍተት በራሱ አተረጓጎም ሞላው።

ጥያቄ፦ የክፍለ ግዛቶችን ዕዳ የፌዴራል መንግሥት እንዲከፍል ያደረገው ለምንድን ነው? ፍትሐዊስ ነበር?

መልስ፦ ከነጻነት ጦርነቱ በኋላ የማዕከላዊው መንግሥት ዕዳ ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር፣ የክፍለ ግዛቶቹ ደግሞ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። ሃሚልተን በጃንዋሪ 1790 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት ሁሉም ተጠቃልሎ በፌዴራል መንግሥት ስም እንዲከፈል ጠየቀ፤ ስሌቱም አበዳሪዎች ገንዘባቸውን የሚጠብቁት ከማዕከሉ ከሆነ የማዕከሉን መጽናት ይሻሉ የሚል ነበር። እንደ ቨርጂኒያ ያሉ፣ ዕዳቸውን አብዛኛውን የከፈሉ ግዛቶች ግን የሌላውን ሸክም ለምን እንሸከማለን ብለው ተቃወሙ።

ፍትሑን በተመለከተ ይበልጥ የሚከብደው የወታደሮቹ ጉዳይ ይመስለኛል። በደመወዝ ፈንታ የተሰጣቸውን የዕዳ ሰነድ ብዙዎቹ ችግር ገፍቷቸው ለነጋዴዎች በርካሽ ሸጠውት ነበር። የኮንግረስ አባል የነበረው ጄምስ ማዲሰን ክፍያው በመጀመሪያው ባለቤትና በገዢው መካከል እንዲካፈል ሲጠይቅ፣ ሃሚልተን ሰነዱን በእጁ የያዘ ሰው ሙሉ መብት አለው ብሎ ጸና። ወታደሮቹ በእርግጥ ተጎድተዋል፤ ሆኖም መንግሥት የሽያጭ ውልን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ ሰነዱን ደፍሮ የሚገዛ አይገኝም ነበር፤ ዛሬ የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ በዓለም ገበያ የሚታመነውም ይህ ደንብ ስለጸና ጭምር ነው። ክርክሩ የተቋጨው በ1790 የበጋ ወራት ሲሆን፣ ጄፈርሰን እንደጻፈው እሱ፣ ሃሚልተንና ማዲሰን ኒው ዮርክ በሚገኘው በጄፈርሰን ቤት ራት ላይ ተገናኝተው፣ የደቡብ ተወካዮች የዕዳውን ሕግ ሊያሳልፉ፣ በምላሹም ዋና ከተማው በፖቶማክ ወንዝ ዳር ሊሠራ ተስማሙ። ዛሬ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዋና ከተማ የሆነው በዚህ ድርድር ነው።

ጥያቄ፦ ሕገ መንግሥቱ ባንክ የሚል ቃል የለውም፤ ታዲያ ሃሚልተን የመጀመሪያውን የአሜሪካ ብሔራዊ ባንክ በምን ሥልጣን አቋቋመ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ጆርጅ ዋሽንግተንም ጠይቆታል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄፈርሰንና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤድመንድ ራንዶልፍ ባንኩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲሉ፣ ሃሚልተን በፌብሩዋሪ 1791 በሰጠው ረጅም የጽሑፍ መልስ፣ ኮንግረስ የተዘረዘሩለትን ሥልጣኖች ለማስፈጸም «አስፈላጊና ተገቢ» የሆነውን ሕግ ሁሉ እንዲያወጣ የሚፈቅደውን አንቀጽ መሠረት አድርጎ፣ ግብ ከተፈቀደ ወደ ግቡ የሚያደርሰው መንገድም ሌላ ክልከላ ከሌለበት የተፈቀደ ነው ብሎ ተከራከረ። ዋሽንግተን ፈረመ። ሃሚልተን ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1819፣ በጆን ማርሻል የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማካሎክና በሜሪላንድ ክርክር ይህንኑ አመክንዮ ሕግ አደረገው። የፌዴራል መንግሥቱ ዛሬ የሚሠራቸው በርካታ ሥራዎች የሚቆሙት በዚህ አተረጓጎም ላይ ነው። የዛሬው ፌዴራል ሪዘርቭ ግን አንዳንዶች እንደሚሉት የዚያ ባንክ ቀጥተኛ ወራሽ አይደለም፤ የተቋቋመው ከመጀመሪያው በኋላ የመጣው ሁለተኛው ብሔራዊ ባንክ ፈቃዱ በ1836 ካበቃ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1913 ነው።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት ሕግን የመሻር ሥልጣኑንስ የሰጠው እሱ ነው?

መልስ፦ ሰጠ ማለት ያስቸግራል፤ ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ ለማሳመን ከታተሙት የፌዴራሊስት ጽሑፎች በ1788 በጻፈው 78ኛው ግን፣ ሰይፍም የገንዘብ ከረጢትም በእጁ የሌለው ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ ዋጋ የለውም ማለት እንደሚገባው አስረድቷል። ማርሻል በ1803 በማርበሪና በማዲሰን ክርክር ውሳኔ ሲሰጥ ተመሳሳይ ሐሳብ አራምዷል።

ጥያቄ፦ ለፕሬዚዳንቱ ሰፊ ሥልጣን እንዲሰጥ የሚሟገቱ ሰዎች ስሙን ደጋግመው የሚያነሡት ለምንድን ነው?

መልስ፦ በ70ኛው ጽሑፉ ሥልጣኑ በአንድ ሰው የተያዘና ጉልበት ያለው ሕግ አስፈጻሚ ለመልካም መንግሥት እንደሚያስፈልግ ስለጻፈ ነው። ይሁን እንጂ ጠቃሾቹ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ያለውን 69ኛውን ይዘሉታል፤ በዚያኛው ፕሬዚዳንቱ እንደ እንግሊዝ ንጉሥ እንዳልሆነ፣ በኮንግረስ ተከሶ ሊነሣና ከዚያም እንደማንኛውም ሰው በመደበኛ ሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል ያብራራል።

ጥያቄ፦ በካሪቢያን ደሴት ተወልዶ ፕሬዚዳንት ሊሆን ይችል ነበር?

መልስ፦ አዎ። ፕሬዚዳንት የሚሆነው በትውልድ ዜጋ የሆነ ሰው ነው የሚለው አንቀጽ፣ ሕገ መንግሥቱ በጸደቀበት ጊዜ ዜጋ የነበረን ሰው አይከለክልም። ዛሬ ከኢትዮጵያ ሄዶ ዜግነት ያገኘ ሰው መሆን አይችልም፤ እዚያ የተወለደ ልጁ ግን ይችላል።

ጥያቄ፦ ባላንጣው ጄፈርሰን ሥልጣን ሲይዝ ይህን ሁሉ ለምን አላፈረሰውም?

መልስ፦ የተወሰነውን አፍርሷል። ሃሚልተን በ1791 እንዲጣል ያደረገው የውስኪ ግብር በምዕራብ ፔንስልቬኒያ ያሉ ትንንሽ ጠማቂዎችን አስቆጥቶ በ1794 ዐመፅ አስነሥቶ ነበር፤ መንግሥትም ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት አዝምቷል፣ ሃሚልተንም አብሮ ዘምቷል። ያ ግብር በጄፈርሰን ዘመን በ1802 ተሽሯል። የዕዳ አከፋፈሉን ግን ጄፈርሰን አላናጋውም፤ በ1803 ሉዊዚያናን ከፈረንሳይ ሲገዛ አብዛኛው ክፍያ የተፈጸመው በአሜሪካ የዕዳ ሰነድ ሲሆን፣ አውሮፓውያን ባንኮች ያንን ሰነድ የተቀበሉት ሃሚልተን በገነባው እምነት ነው። ባንኩን በ1791 አጥብቆ የተቃወመው ማዲሰንም በ1816 ፕሬዚዳንት ሆኖ ሁለተኛውን ባንክ የሚያቋቁመውን ሕግ በገዛ እጁ ፈርሟል።