«በዘራችን የለም» ብዬ የመለስኩ ቀን

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትዎ ሶሪያሲስ የሚባለው፣ ቆዳ ላይ ቅርፊት የሚያወጣ ሥር የሰደደ ሕመም እንዳለባቸው፣ ልጃችሁ ገና የአራት ዓመት ሕፃን እንደሆነ፣ አማትዎ ግን «ይህ ነገር በዘራችን ታይቶ አይታወቅም» እያሉ እንደሚከራከሩዎ ጽፈዋል፤ ልጁ ይወርሰው እንደሆነም ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ከበሽታው ጋር 19 ዓመት ኖሬያለሁ፣ አባቴም ነበረበት፣ ልጄም አለባት። የእርስዎ ቤት ታሪክ የእኛን ቤት ስለሚመስለኝ የማውቀውን በቁጥር ከፋፍዬ ላስቀምጥልዎ።

1. አዎ፣ በዘር ይሄዳል፤ ግን ወላጁ ስላለበት ብቻ ልጁ ላይ መውጣቱ አይቀርም ማለት አይደለም። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ስሌት፣ ከወላጆች አንዱ ካለበት የልጁ ዕድል ከመቶ 10 ገደማ፣ ሁለቱም ካለባቸው ግን ወደ 50 የሚጠጋ ነው የሚል ነው። የሚያመጣውም አንድ ዘረመል ሳይሆን ብዙ ዘረመሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። ከሁሉም ጎልቶ የሚታወቀው በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ኤችኤልኤ-ሲ የተባለው ዘረመል አንድ ዓይነት ቅጂ ሲሆን፣ በተለይ በሽታው ከ40 ዓመታቸው በፊት በጀመራቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ይሁንና ቅጂውን ከተሸከሙት አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን አንዲት ቅርፊት ሳትወጣባቸው ይኖራሉ። ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲይዘው ሌላው ሁልጊዜ አይያዝም። ስለዚህ ልጁን የዘረመል ምርመራ አስደርጉት የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ውጤቱ ይታመማል ወይም አይታመምም ብሎ አይነግራችሁም።

2. የአማትዎን «የለም» እንደ ማስረጃ አይቀበሉ። ይህን ስል ዋሹ ማለቴ አይደለም፤ እኔም ሐኪም ፊት ተቀምጬ በሙሉ ልቤ ያልኩት ይህንኑ ነው። ያኔ 24 ዓመቴ ነበር። ክርኖቼና ጉልበቶቼ ላይ ወፍራም ግራጫ ቅርፊት ያለበሰው ነገር ወጥቶብኝ ነበር። ሶሪያሲስ ቀይ ነው ሲባል ይሰማል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ጥቁር ቡናማ ስለሚያደላ ብዙ ባለሙያ ያልፈዋል። «በቤተሰብ እንዲህ ያለ የቆዳ ሕመም ያለበት አለ?» ስባል ለአፍታ እንኳ ሳላስብ «የለም» አልኩ። ጭርት ነው ተባለና አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ የፈንገስ ቅባት ስቀባ ኖርኩ።

አሁን አባቴን ልንገርዎ፣ ነፍሱን ይማረውና። እጅጌው አጭር የሆነ ሸሚዝ ለብሶ አይቼው አላውቅም፤ ብርድ አይችልም ይባል ነበር። ጠዋት ሊወጣ ሲል እናቴ በር ላይ አስቁማ የጥቁር ኮቱን ትከሻ በመዳፏ ታራግፍለት ነበር፤ ፎረፎር ነው ብለን አደግን። የአውራ ጣቶቹ ጥፍሮች በመርፌ ጫፍ የተወጋጉ ይመስሉ ነበር፤ ሥራ ያበላሻቸው ናቸው አልን። በኋላም የጣቶቹ መገጣጠሚያዎች አብጠው ማለዳ ማለዳ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው ቁርጥማት ተባለ። ለአራት ምልክት አራት ሰበብ ሰጠን እንጂ አንድ በሽታ ነው ያለን አልነበረም።

ወደ ራሴ ልመለስ። ቅባቱ አልሠራ ሲል ሌላ ክሊኒክ ሄድኩና ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ (የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) እንክብል ታዘዘልኝ። በሳምንት ውስጥ ቆዳዬ ጠራ። ዳንኩ ብዬ ማንንም ሳላማክር በራሴ አቆምኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰውነቴ ነደደ፤ ቆዳዬ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር፤ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ እያለኝ ሆስፒታል ገባሁ። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው የስቴሮይድ እንክብል ወስዶ በድንገት ሲያቆም በሽታው ከፊተኛው ብሶ ሊመለስ እንደሚችል የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ሶሪያሲስ መሆኑን ያወቀም አልነበረምና። ያንን ደግሞ ካስጀመሩት ነገሮች አንዱ የእኔው «የለም» ነው።

የካርድ ክፍሉን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ቆሜ ስንቀጠቀጥ ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ ወረቀቴን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እዚያው ቁም፤ ወንበሩን እንዳትነካ» አለችኝ። ከኋላዬ የነበረው ሰልፍ ወዲያው ሁለት እርምጃ ሸሸ። ሶሪያሲስ በመጨባበጥም ሆነ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ ተላላፊ ያልሆነ ሥር የሰደደ በሽታ መሆኑን በግልጽ አስፍሯል፤ ከዓመታት በኋላ ያንን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እርሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የመጡት የቆዳ ሐኪም ግን ገና ቁስሌን ሳያዩ ጣቶቼን ወደ መብራቱ አስጠግተው ጥፍሬን ተመለከቱ። «በቤተሰብ አለ ወይ?» አላሉኝም፤ «የአባትህ ጥፍር እንዴት ነው?» አሉኝ። አባቴ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሐኪሙ ሌሎቹን ጠያቂዎች በትሕትና አስወጥተው በሩን ዘጉ፤ አባቴ የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ በእነዚያ ባበጡ ጣቶቹ ቀስ ብሎ ፈታ፤ ከዚያም እስከ ክርኑ ሰበሰበው። በክርኑ ላይ የነበረው ቅርፊት ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። «በእናንተ ላይ እንዳይወራባችሁ ብዬ ነው» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ደብቆታል።

3. እንግዲህ ስለ በሽታው ስም መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ስለ ምልክቱ ይጠይቁ። በሻምፖ የማይለቅ ወፍራም ፎረፎር የነበረበት ማን ነው? ጥፍሩ የተወጋጋ ወይም ከሥሩ የሚነሳ አለ? ጠዋት ጠዋት ጣቱ የሚደርቅበት፣ ሁልጊዜ እጅጌ ረጅም የሚለብስ አጎት ወይም አክስት አለ? አንድ ትውልድ ዘልሎ ሊወጣ ስለሚችል እስከ አያት ይውጡ። ቅር አይበልዎና፣ በእርስዎም ወገን ይጠይቁ፤ ጥያቄዎን ሳነበው የባል ወገን ብቻ ነው የተከሰሰው።

4. ልጁን በየማታው እያገላበጡ አይመርምሩት። የጉሮሮ ሕመምን ግን ችላ አይበሉ። ልጄ በዘጠኝ ዓመቷ ቶንሲል ታመመች፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሆዷና ጀርባዋ ላይ የጠብታ መልክ ያላቸው ትንንሽ ነጠብጣቦች ፈሰሱባት። የመጀመሪያው መርማሪ ችፌ ነው ሊል ሲጀምር፣ አስቀድሜ የጻፍኩትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። የአያቷ ምልክቶች፣ የእኔ ታሪክ፣ ጉሮሮዋን የታመመችበት ቀን፣ «የስቴሮይድ እንክብል እንዳይታዘዝ» የሚል ማሳሰቢያም ጭምር ሰፍሮበታል። አንብቦ ዝም አለ፤ ከዚያ ወደ ቆዳ ሐኪም ላካትና በዚያው ቀን ስሙ ታወቀ። እኔን ሁለት ዓመት ሊሞላ የደረሰ ጊዜ የፈጀብኝን ልጄ በአንድ ቀን ጨረሰችው፤ በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅዎትም። ነጠብጣቡ በሦስት ወር ጠፋላት። በኋላ ከብስክሌት ወድቃ የተላጠ ጉልበቷ ላይ እንደገና ብቅ ብሏል፤ ይህ በሽታ ቆዳ የተጎዳበትን ቦታ ይወዳልና። እሷ ግን በቁምጣዋ መጫወቷን አላቆመችም።

ያንን ወረቀት ዛሬውኑ ይጻፉ፤ ልጁ ባይታመም የባከነው አንድ ገጽ ነው። አማትዎን ግን ልጆችና እንግዳ በተሰበሰቡበት አይጠይቋቸው። ለብቻቸው፣ ባለቤትዎ ራሳቸው ቢጠይቋቸው ይሻላል፤ አባቴም ያን ቀን በሩ ባይዘጋ ኖሮ እጅጌውን አይሰበስብም ነበር።