የካፍካን «የረሃብ አርቲስት» እንዴት እንተንትን? ጥያቄና መልስ

በጀርመንኛ ይጽፍ የነበረው ደራሲ ፍራንዝ ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳተመው «የረሃብ አርቲስት» ገጹ ጥቂት ቢሆንም ተንታኝን ያደክማል። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሙያው አለመብላት የሆነ ሰው ፍርግርግ ውስጥ፣ ገለባ ላይ ተቀምጦ በተመልካች ፊት ይራባል። 40 ቀን ሲሞላ ማናጀሩ በሙዚቃ ባንድ አጅቦ ያስወጣዋል። ዘመን ይለወጥና ተመልካች ይሸሸዋል። ሰርከስ ይቀጠራል፤ እዚያም ከእንስሳቱ በረት አጠገብ ተረስቶ ይሞታል። በቦታው ወጣት ነብር ይገባል። የሚከተሉት ጥያቄዎች ታሪኩን ለመተንተን ከተነሡ አንባቢዎች የቀረቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር? «ኅብረተሰቡ አልተረዳውም» ከማለት ሌላ የምጽፈው አጣሁ።

መልስ፦ አብዛኛው ትንታኔ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የሚቆመው። ስሕተት ሆና ሳይሆን፣ ማን፣ ምኑን፣ የቱ ላይ እንዳልተረዳ ስለማትናገር ነው። ታሪኩን ሦስት ጊዜ አንብቡት። መጀመሪያ ያለ እርሳስ። ሁለተኛውን ስታነቡ አንድ ሰው አርቲስቱን በተመለከተበት ቦታ ሁሉ ኅዳጉ ላይ «ማን አየ? ምን ያየ መሰለው?» ብላችሁ መልሱን ጻፉ። ጠባቂዎቹ አጭበርባሪ ያያሉ። ማናጀሩ ገበያ ያያል። የሰርከሱ ተመልካች ወደ እንስሳቱ የሚያልፍበትን መንገድ የዘጋ ነገር ያያል። ሦስተኛውን ንባብ ከመጨረሻው ወደ ኋላ አድርጉት።

ትልቁ ነገር የሚገኘው በዚህ ሦስተኛ ንባብ ነው። አርቲስቱ ሊሞት ሲል የሚራበው የሚወደውን ምግብ ስላጣ ብቻ እንደሆነ፣ ቢያገኝ ኖሮ እንደማንኛውም ሰው ጠግቦ ይበላ እንደነበር ይናዘዛል። ይህን ይዛችሁ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች ተመለሱ። ተራኪው እዚያ ላይ መራብ ለዚህ ሰው በዓለም ላይ ካለ ነገር ሁሉ የቀለለ እንደነበር አስቀድሞ ነግሮናል። ሰውየውም አልደበቀውም፤ ሲናገር ግን ግፋ ቢል «ትሑት ነው» ይሉታል፣ አብዛኞቹ ደግሞ «ወሬ ፈላጊ» ወይም «አታላይ» ነው ይላሉ። ስለዚህ ምስጢሩ ከጅምሩ በአደባባይ የተነገረ ነው። ትንታኔያችሁ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ለምን አልተረዱትም?» ሳይሆን «እውነቱ ተነግሯቸው ሳለ ምን ሰሙ?» የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ትዕይንት ብቻ በጥልቀት ተንትኑ ተብለናል። የቱን ይመክራሉ?

መልስ፦ የሌሊት ጠባቂዎቹን። ሦስት ሦስት ሆነው ይመደባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሥጋ ቆራጮች ናቸው፣ ተራኪውም ይህ ነገር እንግዳ መሆኑን ራሱ ይጠቁማል። አንዳንዶቹ ሆን ብለው ራቅ ካለ ጥግ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። በእነሱ ቤት ደግነት ነው፤ ከደበቀው ስንቅ ትንሽ እንዲቀምስ ዕድል መስጠታቸው ነው። አርቲስቱን ከዚህ በላይ የሚያሠቃየው የለም። ስለዚህ አቅሙ እስከፈቀደ ድረስ ይዘፍናል፤ የሚዘፍን አፍ እንዴት ይበላል? እነሱ ግን እየዘፈነም መብላት መቻሉን ያደንቃሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማስረጃው ራሱ ወደ ክስ ተለወጠ። ንጽሕናውን ለማሳየት ባደረገው መጠን ጥርጣሬው ይበረታል። የሚወዳቸው ፍርግርጉን ተጠግተው ባትሪ የሚያበሩበትን ጠባቂዎች ነው፤ ጠዋት በራሱ ገንዘብ ቁርስ ያበላቸዋል። ያንንም እንደ ጉቦ የሚቆጥሩ አሉ። ከዚህች ትዕይንት ብቻ ሁለት ጠንካራ አንቀጽ ይወጣል።

ጥያቄ፦ 40 ቀን ሲባል የክርስቶስን ጾም ለማመልከት አይደለም?

መልስ፦ ማስተጋባቱ አይካድም፣ ጥቀሱት። ግን ታሪኩ ለቁጥሩ የራሱን ምክንያት ይሰጣል። ማናጀሩ 40 ላይ የሚያቆመው የአንድ ከተማ ሕዝብ በማስታወቂያ ሊሞቅ የሚችለው ያን ያህል ጊዜ መሆኑን ከልምድ ስላወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ተመልካች ይቀንሳል። አርቲስቱ ግን ማቆም አይፈልግም፤ ገና ሲጀምር ተቋረጠበት ነው ስሜቱ። ቅዱስ የሚመስለው ቁጥር የገበያ ቁጥር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሃይማኖታዊውን ትርጉም ከዚህ የገበያ ስሌት ጋር ካላጋጫችሁት ትንታኔው ጎዶሎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፎቶግራፎቹ ምን ሚና አላቸው?

መልስ፦ አርቲስቱ ተቆጥቶ ፍርግርጉን ሲነቀንቅ ማናጀሩ «ረሃቡ ነው ያስቆጣው» ብሎ ሕዝቡን ይቅርታ ይጠይቃል። ቀጥሎም በ40ኛው ቀን አልጋ ላይ ከስቶ የተነሣውን ፎቶ ለሽያጭ ያወጣል። መራቡ ያለጊዜው መቋረጡ ያመጣውን ድካም፣ የማቋረጡ ምክንያት አድርጎ ያቀርበዋል። ውጤትና ምክንያት ቦታ ይለዋወጣሉ። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ ውሸቱ ያለው ከፎቶው ጋር በቀረበው ማብራሪያ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ተራኪው ሦስተኛ መደብ ነው። ታማኝ ነው ማለት እንችላለን?

መልስ፦ በከፊል። አንዳንዴ እንደ ታሪክ ጸሐፊ በቅዝቃዜ ይዘግባል፤ የታሪኩ መክፈቻም በረሃብ አርቲስቶች ላይ ያለው ፍላጎት በቅርብ አሠርት ዓመታት እጅግ መቀነሱን የሚገልጽ ነው፣ የንግድ ሪፖርት ይመስላል። አንዳንዴ ደግሞ ወደ አርቲስቱ ቁጭት ይገባና በእሱ አፍ የሚናገር ይመስላል። ይህን መንሸራተት በሁለት ቀለም አስምሩበት። «ምናልባት» የሚሉ ቃላትንም ልቀሙ፤ ለምሳሌ ሰውየው ምናልባት የከሳው ከረሃቡ ሳይሆን በራሱ ካለመርካቱ እንደሆነ የሚናገርበትን።

አንድ ወጥመድ አለ። ተራኪው አንድ ቦታ ላይ የረሃብን ጥበብ ላልተሰማው ሰው ማስረዳት እንደማይቻል ይናገራል። ብዙዎች ይህንን የደራሲው መልእክት አድርገው ይጠቅሱታል። የመጨረሻው ኑዛዜ ግን ያናጋዋል፤ የሚወዱትን ምግብ ማጣት ማንም ሊረዳው የሚችል ነገር ነውና።

ጥያቄ፦ እንዲህ ዓይነት ሙያ በእርግጥ ነበር ወይስ ፈጠራ ነው?

መልስ፦ ነበር። ሄንሪ ታነር የተባለ ሐኪም በ1880 ኒው ዮርክ ውስጥ ለ40 ቀን ያለ ምግብ ቆይቶ ብዙ ሕዝብ አይቶታል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሱቺ ከ1880ዎቹ ጀምሮ በየከተማው እየዞረ ሲራብ ታይቷል። በዚህ ምክንያት «ሁሉም ተምሳሌት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ ካፍካ የሞተው መብላት አቅቶት ነው። ታሪኩ ስለ ራሱ ሕመም ነው ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ የጊዜ ቅደም ተከተሉ አይፈቅድም። ታሪኩ የተጻፈው በ1922 ነው። የሳንባ ነቀርሳው ከ1917 ጀምሮ ቢታወቅም፣ ወደ ጉሮሮው ተዛምቶ መዋጥ የከለከለው በ1924 ነው። በዚያ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ (ጁን) 3 ቀን ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ይህንኑ ታሪክ የያዘውን መድበል የማተሚያ እርማት ሲያይ ነበር። ልብ የሚነካ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ምክንያት ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ነብሩ ምንን ይወክላል?

መልስ፦ «ሕይወትን» ብላችሁ በአንድ ቃል አትዝጉት። መጀመሪያ ንጽጽሩን ዘርዝሩ። አንዱ የሚወደውን ምግብ በዕድሜ ልኩ አላገኘም፤ ለሌላው ጠባቂዎቹ ብዙ ሳያስቡ የሚጣፍጠውን ያመጡለታል። አንዱ በራሱ ፈቃድ ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ አልረካም፤ ሌላው ታስሮ ሳለ ነጻነት እንኳ የጎደለው አይመስልም፣ ጥርሱ አካባቢ የሆነ ቦታ ይዞት የሚዞር ይመስላል። የተመልካቹንም አቋም ተመልከቱ። በአርቲስቱ ዘመን ከኋላ ያለው እየገፋ ያሳልፈው ነበር፤ አሁን ፍርግርጉን ከብቦ መንቀሳቀስ አይፈልግም። ሕዝቡ አልተለወጠም፣ ቦታውም ያው ነው። ያልጠፋው ጥያቄ ሕዝቡ ነብሩንስ ተረድቶት ነው ወይ የሚለው ነው። ታሪኩ አይመልስም፤ እናንተም ባትመልሱት ይሻላል።

ጥያቄ፦ 1,000 ቃል ብቻ ነው የተፈቀደልን። እንዴት ላከፋፍለው?

መልስ፦ መግቢያው ከ100 ቃል አይብለጥ፤ ታሪኩን ለመተረክ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ አራት አንቀጽ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ትዕይንት። ጥቅስ ስታስገቡ ከአንድ መስመር አትለፉ፤ ከጥቅሱ ቢያንስ በእጥፍ የሚበልጥ ማብራሪያ ይከተለው። መምህራን ነጥብ የሚቀንሱበት ዋናው ነገር ሴራውን ደግሞ መተረክ ነው። ለመፈተሽ፣ ከእያንዳንዱ አንቀጽ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብቡ። «ከዚያ በኋላ» እያለ የሚጀምር ከበዛ ትረካ ነው የጻፋችሁት።

የመከራከሪያ ነጥቡም ሊሟገቱት የሚቻል ይሁን። «ታሪኩ ስለ ብቸኝነት ነው» ማንም አይቃወምም፣ ስለዚህ የሚረጋገጥ ነገር የለውም። «ታሪኩ አርቲስቱ ሲፈልገው የኖረው አድናቆት ለእሱ የሚገባ እንዳልሆነ መጨረሻ ላይ ራሱ የሚናገርበት ነው» ብትሉ ግን ማስረጃ ይጠይቃል፣ ተቃዋሚም አለው።

ጥያቄ፦ ርዕሱን «የጾም አርቲስት» ብዬ ብተረጉመውስ?

መልስ፦ የጀርመንኛው ርዕስ የሚያጣምረው «ረሃብ» እና «አርቲስት» የሚሉትን ነው። በአማርኛ ጾም ዓላማና ፍጻሜ ያለው ነው፤ የሚፈታበት ሰዓት አለ። ይህ ሰው ግን መፍቻውን የሚጠላ ነው። ረሃብ ደግሞ ሰው የሚደርስበት እንጂ የሚመርጠው አይደለም፤ የሰውየው ኑዛዜም «ከመራብ ሌላ አልችልም» የሚል ነው። «ረሃብ» ብሎ መጀመር ያዋጣል። «ጾም» ካላችሁ አንባቢው ገና ከርዕሱ ቅዱስ ሰው ይጠብቃል።